የሌንጮ ጓንት

መስከረም 20 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቴሩኤል አውራጃ፣ ስፔን

ይድረስ በእጅሽ ላሳደግሽኝ አክስቴ ለእታለም ሐረግወይን፣ ነቀምቴ።

እንኳን ለመስቀሉ በዓል አደረሰሽ። አንቺንና ባለቤትሽን ጋሽ ደረሳን አምላክ ከክፉ ይሰውርልኝ። እኔ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ደመራው ዘንድሮ ወደየት ወደቀ?

ስልኩ ከተዘጋባችሁ ወዲህ ሌንጮም ጠፋብኝ። ቴሌግራሙ ላይ የጻፍኩለት ሁሉ ሳይነበብ ተደርድሯል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። የእማማ ኑሪያ ልጅ ፋይዛ ማድሪድ አንዲት አሮጊት እያስታመመች አይደል? ለእሷ እልከዋለሁ፤ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ለእናቷ ሱቅ ዕቃ የሚያመጡት ያደርሱልሻል።

ዘንድሮም እዚችው ትንሽ ከተማ ነኝ። ክለባችን በኳሱ ሊግ አምስተኛው እርከን ላይ ነው። ልጅሽ ሌንጮ «ከታች ሲቆጠር ስንተኛ ነው?» እያለ ይሳለቅብኝ ነበር። እሑድ እሑድ እንጫወታለን፤ በሌላው ቀን ሁሉም የየራሱ እንጀራ አለው። በረኛችን ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ አጥቂያችን ቧንቧ ይጠግናል፣ እኔ እዚያው ሥጋ ማድረቂያው ነኝ። ባለፉት ጨዋታዎች ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ አሠልጣኙ ሊያሳርፈኝ ብሎ ነው።

ዋናው ወሬ የሌንጮ ነው። በረኛችን ሊያቆም እያሰበ ነው። ለክለቡ ሊቀ መንበር የሌንጮን ቪዲዮ አሳየሁት፤ ያቺን ዲጋ ላይ ጭቃ ውስጥ ተወርውሮ ሪጎሬ ያዳነባትን። ደጋግሞ አየና «ይምጣና እንየው» አለ። እታለም፣ ከአገር ስወጣ ሌንጮ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ በሁለት ድንጋይ መሀል አቁሜ ኳስ እመታበት ነበር። እዚህ አገር ስንት ክለብ ዞሬ ተከላካይ ሆኜ ስጫወት፣ አንድም ቀን ከኋላዬ የቆመውን በረኛ ልቤ አምኖት አያውቅም። ከፊቱ እኔ፣ ከኋላዬ እሱ ሆነን በአንድ ሜዳ አንድ ዓመት መጫወት ነው የምፈልገው። ሌላ ስለት የለኝም።

ልጅሽ ኡራኤል


ጥቅምት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.
ነቀምቴ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለኡራኤል።

የስምህ ባለቤት መልአኩ በክንፉ ይጋርድህ። ደረሳ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላም ብሎሃል፤ ከዚያ በላይ እንደማይናገር ታውቀው የለ።

ደብዳቤህን ኑሪያ ሱቅ ስኳር ልገዛ ገብቼ ተቀበልሁ፤ ስኳሩን ረስቼው ወጣሁ። ሌንጮ ጮክ ብሎ አነበበልን። «ይምጣና እንየው» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ደረሳ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። ወዴት ነው ብለው ላሟን ልያት አለኝ። ላሟን እኮ ከሸጥናት ቆየን! ብቻውን ሊደሰት ሄዶ ነው።

ደመራው ወደ ሰሜን ወደቀ፤ ወደ ኪራሙ በኩል። ሰው ሳይጨፍር ተበተነ። አባቴ ወልደገብርኤል አሁንም እዚያው ነው። አገሩ ደህና አይደለም፤ እሱ ግን «ከወሎ መጥቼ ያቀናሁትን መሬት በቆሎዬ ሳይሰበሰብ አልለቅም» ብሏል። ሌንጮ ሄጄ አመጣዋለሁ ይላል። እኔ ቆይ እለዋለሁ። የአባቱንም የእኔንም ቋንቋ እንደ ውሃ ስለሚጠጣው «እኔን ማን ይነካኛል?» ነው የሚለኝ። የወጣት ነገር።

ጓንቱ መዳፉ ላይ ተበልቷል፤ አንድ ብትልክለት። ደግሞ ያ የምትሠራበት ሥጋ የምን ሥጋ ነው? ቄሱ ጠይቀውኝ የምመልሰው አጣሁ።

እናትህ ሐረግወይን

ሌንጮ ከሥሩ እኔ ካልጻፍሁ ብሎ ነጠቀኝ፦

ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ! አንድ ቁጥር ማልያዬን እንዳታስነካብኝ። ጓንቱ ልኩ አሥር ነው፤ የሕፃን ልከህ እንዳታዋርደኝ። አንተ ፊት ቁም እንጂ የኋላውን ለእኔ ተወው። — ሌንጮ


ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቴሩኤል አውራጃ

ይድረስ ለእታለም።

ሰላምታዬ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ጓሮው ይድረስ፤ ለሌለችው ላምም ጭምር።

ጓንቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። የፋይዛ ጓደኛ ነገ ትበራለች ሲሉኝ ሮጬ የክለቡ ዕቃ ክፍል ሄድኩ፤ የዕቃ ክፍሉ ሽማግሌ ኤውሴቢዮ ከአዲሱ ጭነት አንስቶ በጥድፊያ አሸገልኝ። ከክለቡ የተጻፈው የግብዣ ወረቀትም ውስጡ አለ፤ ሌንጮ ለቪዛው ይዞት ይሂድ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። አሠልጣኙ ሊያሳርፈኝ ነው ያልኩሽ ማባበያ ነበር። የጉልበቴ ጅማት ተበጥሷል። ሐኪሙ መራመድ ትራመዳለህ፣ መጫወት ግን በቃህ አለኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው እታለም፤ ኳስ ሌላ ምንም አላስተማረችኝም። አንድ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ሳይ ሰነበትኩ። ከዚያ ሊቀ መንበሩ የሕፃናቱን ቡድን አሠልጥን አለኝ፤ እሺ አልኩ። ከሌንጮ ፊት መቆም ባልችል እንኳ ከሜዳው ዳር ቆሜ ልጮህበት እችላለሁ።

ሌንጮ ኪራሙ አይሂድ። ሽማግሌ ላኪበትና ለምኚው። እጁ ያስፈልገኛል። ስለ ሥጋው የጠየቅሽኝን በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ።

ኡራኤል


ጥር 28 ቀን 2015 ዓ.ም.
ነቀምቴ

ይድረስ ለልጄ ለኡራኤል።

እንደምን ከረምህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤዬ የዘገየው ሰው አጥቼ ነው።

ጓንቱ ደረሰ። ሌንጮ አጥልቆት ልክ ሆነለት፤ በጣም ደስ አለው። አሁን ዲጋ ነው ያለው፤ ቡና የሚያስለቅም ሰው ዘንድ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ኔትወርክ የለም። ስልኩም ጠፍቶበታል። አባቴ ከኪራሙ ወጥቶ መጥቷል፤ እኔ ዘንድ ነው።

ስልክ ተከፈተ ሲሉህ አትደውልልኝ። ጆሮዬ ከብዶኛል፤ ድምፅ አይለይልኝም። ደብዳቤህ ይሻለኛል።

የጉልበትህ ነገር አሳዘነኝ። አብሽር፣ የኔ ሆድ። እግር ያልፋል፤ ሰው ይኑር እንጂ።

ሐረግወይን


መጋቢት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቴሩኤል አውራጃ

ይድረስ ለእታለም።

ለጤናሽ እጅግ አድርጌ እንደምን አለሽ? ጋሽ ደረሳስ ይበላል?

እዚህ አሠልጣኝን ሚስተር ነው የሚሉት። ሕፃናቱ «ሚስተር! ሚስተር!» እያሉ ሲጠሩኝ መጀመሪያ ሰሞን ኋላዬን ዞሬ አይ ነበር። ከገና በኋላ ዋናው አሠልጣኝ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የትልልቆቹን ቡድን ለእኔ ሰጡኝ። የምንወርድ ይመስለኛል። ነፋሱ ከባድ ነው፤ ረጅም ኳስ ከመታሽ ራስሽ ላይ ይመለሳል። ተከላካይ ሳለሁ ግብ ሲገባ ንዴቴ ለጊዜው ነበር፤ አሁን የአሥራ አንዱንም ስህተት ይዤ ቤቴ እገባለሁ።

ሌንጮ ዲጋ ከሆነ ይሁን፤ አላስቸግረውም። የሙከራው ቀን ለመጪው ዓመት ተላልፏል፤ ስለሱ አንቺም አትጨነቂ። አንድ ቁጥሩን ማልያ ለማንም አልሰጠሁም። ዳቦ ጋጋሪው በረኛችን አሥራ ሦስት ለብሶ ነው የሚጫወተው። ለምን ብሎ ጠየቀኝ። «ባለቤት አለው» አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ፎቶሽን ላኪልኝ። የቅርብ ጊዜ ይሁን።

ኡራኤል


ግንቦት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.
ነቀምቴ

ይድረስ ለሚስተር ኡራኤል።

ሹመት ያዳብር! ሳታገባ የአሥራ አንድ ልጆች አባት ሆንህ። ቡድኑ ቢወርድም አትዘን፤ ወራጅ ውሃም ታች ወርዶ ነው እርሻ የሚያጠጣው።

ፎቶውን ጎረቤቴ ቀለሟ በስልኳ አንስታ አሳጥባልኛለች። እንደምታየኝ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ከስቻለሁ፤ የሁዳዴው ፆም ነው ያከሳኝ። ደረሳ ከሰዓት ከሰዓት ስታዲየም ሄዶ ይቀመጣል። ጨዋታ ባይኖርም ይሄዳል።

ከእንግዲህ ጓንትም ጫማም እንዳትልክ። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። እዚያ ከተማ ሐበሻ አለ? ታመህ ብትተኛ በርህን የሚያንኳኳ ማን ነው? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላልና፣ አጠገብህ ያሉትን ሰዎች ስማቸውን ከነጠባያቸው ንገረኝ። ሽማግሌ ካለ እሱን አስቀድምልኝ።

ሐረግወይን


ሐምሌ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቴሩኤል አውራጃ

ይድረስ ለእታለም።

ፎቶሽ ደርሶኛል። ቢጫ ቀሚስ ለብሰሽ አይቼሽ አላውቅም ነበር። አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ።

ቡድናችን ወርዷል፤ እኔን ግን አላባረሩኝም። ያቆማል የተባለው ዳቦ ጋጋሪም አብሬህ እወርዳለሁ ብሎ ቀረ።

ሐበሻ እዚህ የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ። በሬን የሚያንኳኳው ኤውሴቢዮ ነው፤ ጓንቱን ያሸገው ሽማግሌ። ሚስቱ ሞታበታለች፤ እሑድ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ብዙ ያወራል፣ ግን ክፉ አይወጣውም። ሁለተኛው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ሲጋግር አድሮ ስለሚወጣ ገና ሲነጋ መንገድ ላይ የማገኘው ሰው እሱ ነው። አድራሻቸውን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ።

ለምን እንደጠየቅሽኝ አልጠይቅሽም። አንቺ የምታደርጊው ሁሉ ለእኔ ልክ ነው።

ኡራኤል


ነሐሴ 24 ቀን 2015 ዓ.ም.
ነቀምቴ

ይድረስ ለልጄ ለፋይዛ፣ ማድሪድ።

አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ። እናትሽ ደህና ናት፤ ይህን የምጽፈው ሱቋ ውስጥ ከጆንያው ላይ ተቀምጬ ነው። ለኡራኤል እንዳታሳዪው።

ሌንጮዬን ኅዳር ስምንት ቀበርነው። አያቱን ከኪራሙ ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ተኩስ ገጠማቸው። አባቴ ከመኪናው ኋላ ጆንያ ተንተርሶ ተኝቶ ስለነበር ተረፈ፤ ይኸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። የተኮሰው እገሌ ነው የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጆሮዬን ደፍኛለሁ። በዚያም በዚህም ወገን ያሉት ልጆች እቤቴ ገብተው ከልጄ ጋር የበሉ ናቸው።

ኡራኤል አልሰማም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ላይነግረው ምሏል። ስልክ አይሰማኝም ያልሁት ውሸት ነው፤ ድምፄን ከሰማ ያውቃል ብዬ ነው። ፎቶ ሲለኝ ጥቁሬን አውልቄ የቀለሟን ቢጫ ቀሚስ ለበስሁ። ያን ዕለት ልጄን በእጄ ደግሜ የቀበርሁት መሰለኝ። የላከለት ጓንት እንደታሸገ ሣጥኑ ላይ አለ፤ እስካሁን አልከፈትሁትም።

አንቺ የነቀምቴ ልጅ ነሽ፤ መርዶ በስልክና በወረቀት እንደማይነገር ታውቂያለሽ። ብቻውን ክፍል ውስጥ ሆኖ ቢያነበው ማን ይይዘዋል? ማን ውሃ ይሰጠዋል? ሌላ የምልከው ሰው የለኝም። አሮጊቷን ለአንድ ቀን አስፈቅጂና ሂጂልኝ። በጠዋት ይሁን፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሥራ ሳይወጣ። ብቻሽን እንዳትገቢ። ኤውሴቢዮ የሚባል ሽማግሌና አንድ ዳቦ ጋጋሪ አሉ፤ አድራሻቸው ከዚህ ጋር አለ፤ እነሱን አስነሺ፤ አገራችን እንዴት እንደምናደርግ ንገሪያቸው።

ከሙት ዓመቱ በፊት ይሁንልኝ። ወንድሙ ሳይሰማ ሙት ዓመቱን ባወጣ ልጄን በድብቅ የሸኘሁት ይመስለኛል። ፋይዛዬ፣ እስካሁን ድምፄን አውጥቼ አላለቀስሁም። ሁላችንም አንድ ላይ እስክናለቅስ ብዬ ነው።

እናትሽ ሐረግወይን


ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.
ቴሩኤል አውራጃ

ይድረስ ለእናቴ ለእታለም ሐረግወይን።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጋሽ ደረሳን ያጽናው። አያቴን ያጽናው።

ፋይዛ ሰኞ ማለዳ መጣች። ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። በዚህ አገር ሰው ሳይደውል በዚያ ሰዓት በር አያንኳኳም። ስከፍት ከፊት ፋይዛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች፤ ከኋላዋ ኤውሴቢዮ ለሚስቱ ቀብር የገዛውን ጥቁር ከረባት አድርጎ ቆቡን በእጁ ይዟል፤ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ መጥቷል። በየወንበሩ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ፋይዛ «ኡራኤል፣ ጃባዱ» አለችኝ። በርታ ስትለኝ ነው እንግዲህ የበቃኝ። «ሌንጮን እግዜር ወስዶታል» ስትል ሦስቱም ተነስተው ያዙኝ። መሬት ላይ ወደቅኩ፤ አብረውኝ ወደቁ። ጮህኩ እታለም፤ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ ጮህኩ፤ ጎረቤቶቹ በመስኮት ብቅ አሉ። ኤውሴቢዮ ምን እንደምል አልገባውም፤ እኔ ባልኩት ቁጥር እሱም ደረቱን እየመታ አለቀሰ። የማን ልቅሶ እንዲህ እንዳስተማረው አላውቅም። በኋላ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ መጡ። ሳሎኔ ጠባብ ነው፤ ደረጃው ላይ ተደርድረው ዋሉ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪኝ። አውቄ ነበር።

ያን ጓንት ከላክሁልሽ በኋላ ኤውሴቢዮ ሁለት ጓንት ይዞ እየሳቀ መጣ። ሁለቱም የቀኝ እጅ ናቸው። በጥድፊያ ያሸገልኝ ሁለት የግራ ነበር። የሌንጮን ስድብ ስጠብቅ ከረምኩ፤ ምን ብሎ እንደሚያዋርደኝ እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። «አጥልቆት ልክ ሆነለት፤ በጣም ደስ አለው» ይላል። ከሥሩ የእሱ ጽሑፍ የለም።

ወረቀቱን አጥፌ ልምምድ ሄድኩ። ምን እንዳሠራኋቸው አላስታውስም። ፎቶሽን የለመንኩሽም ጥቁር ለብሰሽ እንደሆነ ላይ ነበር። ያ ቢጫ ቀሚስ ትከሻሽ ላይ ሰፍቶ ሳይ የሰው መሆኑን አወቅኩ፤ የለበስሽውም ለእኔ ስትይ መሆኑን አወቅኩ። ብጠይቅሽ ኖሮ መንገርሽ አይቀርም፤ ነግረሽኝ ቢሆን ደግሞ «ልጄን በወረቀት አረዳሁት» እያልሽ ዕድሜሽን ሙሉ ትቆጪ ነበር። ሰው እስክታገኚ ጠበቅኩሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሁለታችንም እንደዚያ ከረምን። ፈርቼም ነበር። እንባውን ግን አስቀምጬልሽ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ነው የወጣው።

እንኳን ላክሽልኝ። አውቄውም ቢሆን ብቻዬን አልችለውም ነበር።

ልጅሽ ኡራኤል


ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ነቀምቴ

ይድረስ ለልጄ ለኡራኤል።

የቀረኸኝን አንተን ያቆይልኝ።

ሙት ዓመቱ ወጣ። እኔ በቤተ ክርስቲያኔ፣ ደረሳ በጸሎት ቤቱ፤ ከዚያ ሁላችንም በአንድ ድንኳን ተሰበሰብን። ደብዳቤህን ቀለሟ ለለቀስተኛው አነበበችው። «ሁለት የግራ ነበር» ስትል የሌንጮ ቡድን ልጆች ጮኹ፤ እኔም ጮህሁ። ዓመት ሙሉ የያዝሁት ድምፅ ወጣልኝ። አባቴ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ደረሳ ያን ቀን ስታዲየም አልሄደም፤ አጠገቤ ተቀምጦ ትከሻዬን ያዘ።

ማታውን የጓንቱን እሽግ ከፈትሁት። እውነትህን ነው፤ ሁለቱም የግራ ናቸው። ልጄ ቢኖር አሁን ስንቱን ባለህ! ሳቄ መጣ ብልህ ታምነኛለህ? ስቄ፣ እንደገና አለቀስሁ።

አንዱን ግራ በኑሪያ በኩል ልኬልሃለሁ። አንድ ቀኝ ላክልኝ። አንድ ጥንድ እኔ ዘንድ፣ አንድ ጥንድ አንተ ዘንድ ይሁን።

ስለዚያ ሥጋ አሁንም አልመለስህልኝም። ገብቶኛል። እጅህን ታጥበህ ጸልይ፤ ለቄሱ የበሬ ነው ብያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን አንድ ቁጥር ማልያ ለዳቦ ጋጋሪው ስጠው። ዱቄቱን ሳያራግፍ የመጣልህ ሰው አሥራ ሦስት ለብሶ አይቁም። ለምን ዛሬ ካለህ፣ ባለቤቱ ፈቅዷል፣ እናቱ ነግራኛለች በለው።

እናትህ ሐረግወይን